ጆሮ የጎደለው ጸሐፊ

ላስተን ካቻሌ የሞተው ዕድሜውን ሙሉ ድንጋይ በጠረበበት ግቢ፣ በገዛ መዶሻው ተመትቶ ነው። ፖሊስ ደግሞ ሬሳው ገና ሳይነሣ ነገሩን ጨርሶት ነበር። «ባዕድ ባዕድን ገደለ» ብለው ወንድሙን አሰሩት፤ አለቀ፣ ደቀቀ።

እኛ የቺቱንግዊዛ ከተማ ሰዎች ይህን ስንሰማ ደማችን ፈላ። ላስተን እዚሁ ዚምባብዌ ተወልዶ፣ እዚሁ ሸብቶ፣ ድንበር የሚባል ነገር በዓይኑ አይቶ አያውቅም። አባቱ ግን ለትንባሆ እርሻ ጉልበት ሥራ ከማላዊ የመጡ ሰው ነበሩና መንግሥት መታወቂያው ላይ «ባዕድ» ብሎ ጻፈበት። ታናሽ ወንድሙ ዋይሰንማ ያችንም አላገኘ፤ መስኮት ላይ ቆሞ «ነገ ተመለስ» ሲባል አረጀ። እንግዲህ አንድ አገር ሰውን ዕድሜውን ሙሉ አላውቅህም ሲለው ከርሞ፣ የሚታሰር ሰው የተፈለገ ዕለት ቤቱን ከየት አገኘው? እስቲ ንገሩኝ!

ቅዳሜ ጠዋት ለምርመራ የተጠራችው ኢንስፔክተር ፕላክሴዲስ ሙድዜንጊ ነበረች። ሰው ሁሉ እንደ እናት «አማይ» እያለ ነው የሚጠራት። አጭር፣ ደልደል ያለች፣ ቦርሳዋ ውስጥ የተቆላ ለውዝ የማይጠፋ ሴት ናት። ሌላው ሰው ሲናደድ ይጮሃል፤ እሷ ስትናደድ ድምጿ እየወረደ ይሄድና ጎንበስ ብለው ካላዳመጧት አትሰማም።

በሩ ላይ የጠበቃት ሳጅን ማዩኒ ነበር።

«አማይ፣ በከንቱ ለፉ እንጂ ነገሩ አልቋል» አላት። «ወንድምየው ትናንት ሊመሽ ሲል ሁለት እጁ ደም ነክቶት ከዚህ ግቢ ሲሮጥ ጎረቤት ሁሉ አይቶታል። ሐሙስ ደግሞ ሁለቱ ሲጯጯሁ ተሰምተዋል። ምን ቀረ?»

«ሟቹ ቀረ። እሱን ማን ጠየቀው?»

«ሬሳ ይናገራል እንዴ?»

«ከአንዳንድ ሳጅን ይሻላል። ዞር በልልኝ።»

ላስተን ግቢው መሃል በግንባሩ ተደፍቷል። የተመታው ከኋላው፣ ማጅራቱ ላይ ነው። አጠገቡ በሰው ቁመት የተጠረበ የድንጋይ ሰው ቆሟል፤ ጠረጴዛ ላይ ተደግፎ ማኅተም ያነሣ ሰው። ላስተን «ጸሐፊው» ያለው የመጨረሻ ሥራው ነበር። ይህን ሥራ ያልሰማ በከተማው አልነበረም። «እዚህ የተወለዱ» ብሎ ለሰየመው ኤግዚቢሽን አንድ ሙሉ ሰልፍ በድንጋይ ጠርቦ ነበር፤ እርጉዝ፣ ምርኩዝ የያዘ ሽማግሌ፣ ልጅ ያዘለች፣ ቆሞ ያንቀላፋ፣ ሁሉም ፊታቸውን ወደ አንድ የብረት ፍርግርግ ያለው መስኮት አዙረው የሚጠብቁ። ሰልፈኞቹ ኤግዚቢሽኑ ቅዳሜ ማታ ሊከፈትበት ወደታሰበው ጋለሪ ተጭነው ሄደዋል። ከመስኮቱ ጀርባ የሚቆመው ጸሐፊ ብቻ ቀርቶ ነበር።

ጸሐፊው ጥቁር ነው፤ ያበራል። ግራ ጆሮው ግን ከሥሩ ተገንጥሏል።

«ሲታገሉ የተሰበረ ነው» አለ ማዩኒ።

«ስባሪው የት አለ?»

ሳጅኑ መሬቱን በጫማው ገለጥለጥ አደረገ። የድንጋይ ፍርፋሪ እንጂ ጆሮ የሚመስል ነገር አልነበረም።

አማይ ሙድዜንጊ ተጠግታ የተሰበረውን ቦታ አየች። ስብራቱም እንደ ሌላው ገላ ጥቁር ነው። በአውራ ጣት ጥፍሯ ፋቅ አደረገችው፤ ጥፍሯን አሸተተችና በመሐረብ ጠረገችው። ከዚያ ግቢውን ዞረች። ጥግ ላይ የእሳት ጉድጓድ አለ። ሐሙስ ሌሊት የዘነበው ዝናብ አመዱን አጋግሮት፣ በላዩ ላይ የወፍ እግር ታትሞበታል። የቆርቆሮው ጥላ ሥር ማገዶው እንደተከመረ ነው። ከማገዶው አጠገብ የሰም ጣሳ ተከፍቶ ጨርቅ ተጥሎበታል፤ ወለል የሚቀባ ዓይነት ነጣ ያለ ሰም ነው።

«ይህን ድንጋይ በሸራ ሸፍኑት» አለች። «ከእኔና ከአንተ በቀር ማንም እንዳይነካው። ጠራቢዎቹም ቢሆኑ።»

«ለምን?»

«ሸፍነው አልኩህ።»

ድምጿ ወርዶ ነበርና ሳጅኑ ሁለተኛ አልጠየቀም።

ዋይሰን ካቻሌ ጣቢያው ውስጥ ባዶ እግሩን ሲሚንቶ ላይ ተቀምጦ አገኘችው። ከንፈሩ አብጧል።

«ማን መታዎት?» አለችው። ከታሰረ ወዲህ አንቱ ያለችው የመጀመሪያዋ ሰው ናት።

ሳቅ አለ። «አማይ፣ እኔ እኮ የለሁም። መዝገብ ላይ የሌለ ሰው እንዴት ይመታል?»

«ደሙን ይንገሩኝ።»

«ሳድዛ፣ ያው የበቆሎ ገንፎ፣ በጎመን ይዤለት ሄድኩ። ሥራ ሲይዝ መብላት ይረሳል። በሩ ገርበብ ብሏል። ወድቆ አየሁት፤ ላነሣው ብል እጁ እንደ እንጨት ደርቋል። ሰው ልጠራ ሮጥኩ። የሚሮጥ ባዕድ ደግሞ ወንጀለኛ ነው፤ ያዙኝ።»

«ደርቆ ነበር? እርግጠኛ ነዎት?»

«የወንድሜን እጅ ልርሳው?»

«ሐሙስ ምን አጣላችሁ?»

ዋይሰን አንገቱን ደፋ። «ያ ጸሐፊ ነው። ያን ጆሮ አትጥረበው፣ ያስገድልሃል አልኩት። ‹ዕድሜ ልኬን ዝም አልኩለት፤ አሁን በቃኝ› አለኝ። እኔም ጮህኩበት፣ እሱም ጮኸብኝ። የመጨረሻ ንግግራችን ይሄ ሆነ።»

«የማን ጆሮ ነው?»

«አልናገርም።»

«ዋይሰን፣ ይስሙኝ። ሰኞ ወደ ትልቁ እስር ቤት ያወርዱዎታል። እዚያ ከገቡ ጠበቃ የለዎት፣ መታወቂያ የለዎት፤ የት ደረሰ የሚል አይኖርም። ነገ ደግሞ ወንድምዎ ይቀበራል። ማን ነው አፈር የሚያለብሰው?»

ሰውየው እንባው ዱብ ዱብ አለ። «ከእኔ በቀር ማን አለው?» አለ። «ብናገርስ ማን ያምነኛል? ባዕድ ትልቅ ሰው ሰደበ ብለው ጥርሴን ያወልቁታል። እርስዎ ዓይን አለዎት፤ እርስዎ ይዩት።»

ጋለሪው ከተማው መሃል ነው። ድሮ የአንድ ነጭ ነበር፤ ሰውየው ጥሎ ሲሄድ ፓርቲው ቁልፉን ለጓድ ኦቤርት ዚንዶጋ ሰጠው። ሌላው ጓድ ከነጮች የተነጠቀ እርሻ ሲደርሰው እሱ ቅርጻ ቅርጽ ደረሰው፤ ከጥበብ ጋር የተዋወቀው ያኔ ነው። ረጅም፣ ሽቅርቅር ሰው ነው። ጫማው አቧራ ከነካው ከመኪናው ቀለምና ብሩሽ ሳያወጣ አያድርም ብለን እንስቅበታለን። ግራ ጆሮው ለሁለት የተተረተረ ነው፤ በነጻነቱ ጦርነት የጠላት ጥይት ቀዶኝ ነው ይላል፤ ታሪኩን ያልሰማ የለም። ለፓርላማ ሊወዳደር ስለሆነ ፎቶው በየግድግዳው ተለጥፏል። ከፎቶው ሥር «አገሪቱ ለልጆቿ! ባዕዳን ይውጡ!» ይላል። ይህን ለጥፎ የላስተንን ሥራ በጋለሪው ማሳየቱ ለሰው ግራ ነበር፤ እሱ ግን «ጥበብ ሌላ፣ ፖለቲካ ሌላ» ይል ነበር።

«አማይ፣ ልቤ ተሰብሯል» አላት እጇን ይዞ። «ላስተን ወንድሜ ነበር። ትናንት ቀትር ላይ ግቢው ነበርኩ። ጸሐፊው ገና ግራጫ ነው፤ አቧራ ለብሷል። ‹ከሰዓት ቀብቼ አጠቁረዋለሁ፣ ነገ መኪና ላክልኝ› አለኝ። ከዚያ ቀጥታ እዚህ መጣሁ፤ እስክንዘጋ ሠራተኛው ሁሉ ሲያየኝ ነበር። ይጠይቁ።»

«እርስዎ ሲወጡ ግራጫ ነበር?»

«በዓይኔ በብረቱ ያየሁትን! ሳጅኑ ደግሞ ጠቁሮ አገኘነው አለኝ። እንግዲህ ከሰዓት በኋላ በሕይወት ነበረ፣ ሠርቷል ማለት ነው። ያ ወንድሙ...» ራሱን ነቀነቀ። «እነዚህ ሰዎች ሲናደዱ መዶሻ ነው የሚቀናቸው።»

«እነዚህ ሰዎች?»

«ያው፣ ከወዲያ የመጡት።»

ከኋላው አንዲት ሠራተኛ ጨርቋን ሰም እያስነካች የአንዲት ድንጋይ ሴት ትከሻ ትወለውላለች። አማይ ሙድዜንጊ ለውዟን እያላመጠች ስታያት ቆየች።

«በየሳምንቱ ነው የምትቀቡት?»

«ካልተቀባ ይደበዝዛላ» አለ ዚንዶጋ። «ድንጋይ በሰም ነው የሚኖረው።»

በዚህ መሃል ሚስተር ኢግናሺየስ ቺኮንዞ ከነቦርሳው ገባ። የባህል ቢሮ ሹም ነው። ከዚያ በፊት ግን ለዓመታት መታወቂያ ቢሮ መስኮት ላይ ተቀምጦ ላስተንን ራሱን «ነገ ተመለስ» ሲል የኖረ ሰው ነው። ግራ ጆሮው አይሰማም፤ ጥጥ ወትፎበት ይሄዳል። ባለጉዳይ ሁሉ መስኮቱን በደንቆሮው ጆሮ በኩል ነው ያስከፈተው እያለ ያማው ነበር።

«ያ ድንጋይ የታለ?» አለ ሰላምታ ሳይሰጥ። «መንግሥትን የሚሰድብ ድንጋይ ነው። ልወርሰው ነው የመጣሁ።»

«ትናንትስ ሄደው ነበር?» አለችው አማይ ሙድዜንጊ።

«ከሰዓት ሄጃለሁ። ምን ይደብቀኛል? በሩን ቀጠቀጥኩ፤ የመለሰልኝ የለም። ተመለስኩ።»

«ከአጥሩ በላይ ጭስ አዩ?»

«የምን ጭስ? ሰማዩ ኩልል ያለ ነበር።»

«ላስተንን ይጠሉት ነበር?»

«በጣም እንጂ!» ፊቱ ቀላ። «አንተን ነው የጠረበህ እያለ ሰው ሁሉ ሲስቅብኝ! ሚስቴ እንኳ ሳትቀር! እኔ ሕግ ነው ያስፈጸምኩት፣ አማይ። ሕጉን እኔ አልጻፍኩትም።»

«የጻፈው ሰው አይገኝም፤ የሚያስፈጽመው ግን ሞልቷል» አለችው። ድምጿ ስለወረደ፣ በዚያ ላይ በግራው በኩል ስለቆመች አልሰማትም።

ወደ መኪናዋ ስትመለስ አለቃዋ ደወለ። «ፕላክሴዲስ፣ የሞተው ባዕድ፣ የታሰረው ባዕድ። አንቺን ምን ቆረቆረሽ? እስከ ሰኞ ዝጊው» አላት። «እሺ፣ እዘጋዋለሁ» ብላ ስልኩን ዘጋችበት።

ከዚያ የሄደችው ወደ ሰኩሩ ጆራም ቤት ነው። ሽማግሌ ነውና ሰው ሁሉ እንደ አያት «ሰኩሩ» ይለዋል። ድንጋይ ጠራቢ ነው፤ ከሁሉ በላይ ግን የላስተን ሳህዊራ ነው። ሰው ሲሞት አልቃሹ ብዙ ነው፤ የሚያሾፍለት ግን ሳህዊራው ብቻ ነው። የሟቹን ልብስ ለብሶ፣ አነጋገሩን ቀድቶ፣ ሹሙንም ሀብታሙንም በለቅሶው ላይ ይሰድባል። የተሰደበ አይቆጣም፤ የታዘዘም እምቢ አይልም። እምቢ ያለ ሬሳውን ንቋል ይባላል።

«ሰኩሩ፣ ነገ አንድ ሰው ላይ እንዲያሾፉልኝ ፈልጌ ነው» አለችው።

«በማን?»

ነገረችው። ሽማግሌው ከተቀመጠበት ብድግ አለ። «ምን ላስደርገው?»

«ድንጋይ ያስቀቡልኝ። አንድ ቃል ሳይነግሩ፣ ዝም ብለው ያስቀቡልኝ።»

እሁድ ጠዋት የላስተን ግቢ በሰው ጢም ብሎ ሞላ። የሬሳው ሳጥን ቆርቆሮው ጥላ ሥር ተቀምጧል። ሴቶቹ ይዘምራሉ፤ ትልቁ ድስት ተጥዷል። ጓድ ዚንዶጋ ጥቁር ሱፉን ለብሶ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ ሚስተር ቺኮንዞም ድንጋዩ እንዳያመልጠው መጥቷል። ጸሐፊው ሸራ እንደለበሰ ቆሟል። የሟቹ ብቸኛ ዘመድ ግን ጣቢያ ነው።

ሰኩሩ ጆራም የላስተንን አቧራማ ቱታ ለብሶ ወጣ።

«ተሰለፉ!» ብሎ ጮኸ። «ሳይሰለፉ ማልቀስ ክልክል ነው! መታወቂያ የሌለው እንባውን ይዞ ነገ ይመለስ!»

ሰዉ በሳቅ አውካካ። ሽማግሌው ቺኮንዞ ፊት ቆመ። «አንተ ደግሞ በየትኛው ጆሮህ ልስደብህ?» አለው። ቺኮንዞ ራሱ ሳቁን መያዝ አቃተው።

ከዚያ በላስተን አረማመድ፣ ትከሻውን ሰበር አድርጎ ወደ ዚንዶጋ ሄደ። «ጓድዬ! ድንጋዬን ሸጥክ፣ በድንጋዬ ተጎለትክ፤ አንዲት ቀን ግን በእጅህ ጠርገህልኝ አታውቅም። ያቺውልህ የመቃብሬ ድንጋይ። ልጆቹ ጠርበውልኛል፤ ገና አልተቀባችም። አንተ ቀባልኝ!»

ሴቶቹ እልል አሉ። ዚንዶጋ ፈገግ ብሎ ተነሣ፤ በምርጫ ዋዜማ ሳህዊራ ማስቀየም ማን ይወዳል? ሱፉን አውልቆ እጅጌውን ጠቀለለ። ጣሳውንና ጨርቁን ሰጡት። ግራጫውን ድንጋይ ይወለውል ጀመር። ወለወለ፣ ወለወለ። ድንጋዩ ወዛ እንጂ አልጠቆረም። ጠራቢዎቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ አንዱ አፉን በመዳፉ ያዘ። የዚንዶጋ ግንባር ላቦት አወጣ።

«በርታ እንጂ ጓድ! እንዲህ ግራጫ ሆኜ ነው የምቀበር?» አለ ሰኩሩ ጆራም።

«ይሄ እኮ ነጩ ነው» አለ ዚንዶጋ ተበሳጭቶ። «ጥቁሩ የታል?»

«የምን ጥቁር?»

«ጥቁሩ ቅባት ነዋ! የምታጠቁሩበት!»

ጠራቢዎቹ ሳቃቸው አመለጣቸው። «ኧረ ጓድ! ጥቁር ቅባት የሚባል የለም! እሳት ነው የሚያጠቁረው!» አለ አንዱ ሆዱን ይዞ። «ድንጋዩን በእሳት ከበህ፣ ውሃ ጠብ ስታደርግበት እስኪንጫጫ ድረስ ታሞቀዋለህ፤ እንደጋለ ይህንኑ ነጭ ሰም ስትቀባው ይጠጣውና ይጠቁራል። እናንተ ጋለሪ ውስጥ የምትወለውሉት እኛ ያጠቆርነውን ነው!»

ሰኩሩ ጆራም ብቻ አልሳቀም።

«ማንም ከግቢው እንዳይወጣ» አለች አማይ ሙድዜንጊ። ድምጿ ከመውረዱ የተነሣ ሴቶቹ መዝሙሩን አቋረጡ። ሸራውን ገፈፈችው። «ሰኩሩ፣ እስቲ ይህን ይንኩልኝ።»

ሽማግሌው መዳፉን በጸሐፊው ደረት ላይ አሸት አድርጎ አየው፤ መዳፉ ጠቁሯል። አሸተተው። «የጫማ ቀለም!» አለ፤ ጮኸ ማለት ይቀላል። «ማን ነው የላስተንን ድንጋይ በጫማ ቀለም ያበላሸው?»

«እሱን ልነግራችሁ ነው። ትናንት ስመጣ አመዱ ላይ የሐሙስ ዝናብ ጋግርት ነበር፤ የወፍ እግር ታትሞበታል። ማገዶው አልተነካም። ሚስተር ቺኮንዞም ዓርብ ከሰዓት በዚህ ግቢ ላይ ጭስ አላየም። እንግዲህ ዓርብ እዚህ እሳት አልነደደም። እሳት ካልነደደ ላስተን ይህን ድንጋይ አላጠቆረም። ዋይሰንም ከልጅነቱ የወንድሙን እሳት ሲያነድ የኖረ ነው፤ ቀዝቃዛ ድንጋይ እንደማይጠቁር ያውቃል። ይህን ያደረገ ሰው የሚያውቀው ያለቀ ድንጋይ ብቻ ነው፤ በየሳምንቱ በጨርቅ ሲወለወል የሚያየውን። ነጩ ሰም እምቢ ሲለው መኪናው ሄዶ የጫማ ቀለሙን አመጣ።»

ዚንዶጋ ጨርቁን እንደያዘ ቆሟል።

«ለምንስ አጠቆረው? ይህ ነው ዋናው። ዋይሰን ማምሻውን ሬሳውን ሲያነሣ እጁ ደርቆ ነበር። ሬሳ እንዲያ ለመድረቅ ሰዓታት ይፈጅበታል፤ ላስተን የሞተው በቀትር ነው። ድንጋዩ ግራጫ ሆኖ ቢገኝ ከቀትር በኋላ መሥራቱን የሚያሳይ ነገር የለም። ጠቁሮ ከተገኘ ግን ‹ከሰዓት በሕይወት ነበር› ይባላል። ይህ የሚጠቅመው ማንን ነው? ሚስተር ቺኮንዞ የመጣው ከሰዓት ነው፤ ዋይሰን ማምሻውን። ጥቁሩ ድንጋይ ሞቱን እነሱ ወደመጡበት ሰዓት ይገፋባቸዋል። ገዳይ ቢሆኑ ግራጫውን ትተውት ይሄዱ ነበር። ጥቁሩ ድንጋይ የሚያድነው ቀትር ላይ እዚህ የነበረውን፣ ‹ስወጣ ግራጫ ነበር› ብሎ ሳይጠየቅ የነገረኝን ሰው ነው።»

«አማይ፣ ይጠንቀቁ» አለ ዚንዶጋ። «ማንን እየተናገሩ እንደሆነ...»

«አንተን ነው» አለችው። «ጆሮውን እይ። ስብራቱም ቀለም ተቀብቷል፤ ከመቀባቱ በፊት ተሰብሯል ማለት ነው። ስባሪው ደግሞ ግቢው ውስጥ የለም። በትግል የተሰበረ ቢሆን እዚሁ በወደቀ። አንድ ሰው ያን ጆሮ ማንም እንዲያይ አልፈለገም። ሰዉ ጸሐፊው ቺኮንዞ ነው ይል ነበር፤ የቺኮንዞ ጆሮ ግን ባይሰማም ሙሉ ነው። አለመስማት በድንጋይ አይጠረብም። የተተረተረ ጆሮ ግን ይጠረባል።»

«ይሄ የጥይት ቁስል ነው! የታገልኩበት ነው!»

«ላስተን ለወንድሙ ‹ዕድሜ ልኬን ዝም አልኩለት› ብሎታል። ላስተን ዘምቶ አያውቅም፤ የጦር ሜዳ ምስጢር ከየት ያመጣል? በልጅነቱ የሚያውቀው አንድ ቦታ ነው፤ የትንባሆ እርሻውን፣ የሠራተኞቹን ሰፈር። ጆሮህ የተቀደደው እዚያ ነው። አባትህም እንደ አባቱ ከወዲያ የመጡ ናቸው።»

ዚንዶጋ ዙሪያውን አየ፤ ሁሉም ጆሮውን ነው የሚያዩት። ያኔ ገነፈለ።

«ውሻ ነው የቀደደው!» አለ። «የእርሻው ባለቤት፣ የነጩ ውሻ! ይኸው ሰማችሁ? ፋክሰን ነበር ስሜ፤ የወጥ ቤቱ ሠራተኛ ልጅ። እኔም እዚያ መስኮት ሥር ቆሜ እንድበሰብስ ነበር የምትፈልጉት? ስሜን ቀየርኩ፤ ሰው ሆንኩ! እና ቅዳሜ ማታ ኤግዚቢሽኑ ሲከፈት፣ ሚኒስትሩ በቆመበት፣ ያ ድንጋይ በእኔ ጆሮ ሊገተር! ለመንኩት፤ ተንበረከክሁለት። ‹ባዕዳን ይውጡ እያልክ ትጮሃለህ፤ እኔን ወዴት ነው የምታስወጣኝ፣ ፋክሰን?› አለኝ። ከዚያ ጀርባውን ሰጥቶኝ ሥራውን ቀጠለ። ጀርባውን!»

«ከውሻው አፍ ማን አስጣለህ?» አለች አማይ ሙድዜንጊ።

ዚንዶጋ የተተረተረ ጆሮውን በእጁ ሸፈነ። «ላስተን» አለ።

ሴቶቹ ግር ብለው ሊበሉት ተነሡ፤ አማይ ሙድዜንጊ መሃል ገባች። ሰኩሩ ጆራም የሟቹን ቱታ እንደለበሰ ዚንዶጋ ፊት ለፊት ቆሞ ነበር፤ ቀልዱ ሁሉ ከፊቱ ጠፍቷል። «ምነው ለውሻው በተውኩህ» አለው በላስተን ድምፅ።

ካቴና ሲገባለት ዚንዶጋ ይጮህ ነበር። «ጠበቃዬን ጥሩልኝ! ዜጋ ነኝ እኔ! ዜጋ ነኝ!»

አማይ ሙድዜንጊ መኪናዋን አስነሥታ ወደ ጣቢያው በረረች። ለቀስተኛው ሬሳውን ይዞ እየጠበቀ ነው። ተረኛው ሳጅን ማዩኒ ነበር፤ ዋይሰንን ከክፍሉ አውጥቶ ጠረጴዛው ፊት አቆመውና ብዕሩን አነሣ።

«የመታወቂያ ቁጥር?»

«የለኝም» አለ ዋይሰን።

«እንግዲህ ያለ ቁጥር መፍታት አይቻልም። ደንቡ ነው፣ አማይ። ሰኞ ቢሮ ሲከፈት...»

«ሳጅን፣ ስታስገባኝ ቁጥር አልጠየቅከኝም እኮ» አለው ዋይሰን። «ለመታሰር ሰው መሆን ይበቃል፣ ለመፈታት ነው ወረቀት የሚያስፈልገው?»

ማዩኒ አማይ ሙድዜንጊን አየ። እሷ አንድ ቃል ብቻ ተናገረች፤ አጠገቧ የቆመው ዋይሰን እንኳ አልሰማትም። ሳጅኑ ግን ከከንፈሯ አነበበው መሰለኝ፣ በሩን ከፈተ። ጫማውን ፈልገው አጡት፤ ዋይሰንም ባዶ እግሩን ሄደ።

መቃብሩ ጋ ሲደርስ ሰዉ መንገድ ለቀቀለት። ሳጥኑ ወርዶ ነበር። ዋይሰን ተንበርክኮ ከቀዩ አፈር በሁለት እጁ ዘገነ፤ ቶሎም አልበተነውም።

«ላስተን» አለ። «ወንድሜ። ከእንግዲህ ከዚህ አገር ውጣ የሚልህ ማን ነው?»

አፈሩን ለቀቀው።